ነዳጅ ጨመረ ሲባል ሊትሩን እንዴት ትበትኑታላችሁ (ከአንድ የደብረ ብርሃን ባጃጅ ሹፌር)

ሰላም ወገን እንዴት ናችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን ባጃጅ ነው ምሰራው፣ ኢኮኖሚስት ምናምን አይደለሁም፣ አስራ ሁለት ጨርሼ ነው መሪ የያዝኩት። ግን ነዳጅ በጨመረ ቁጥር መናኸሪያው፣ ቡና ቤቱ፣ ለቅሶ ቤቱ ሳይቀር አንድ አይነት ጭቅጭቅ ነው፣ አንዱ ታክስ ነው የገደለን ይላል፣ አንዱ ድጎማ ስለተነሳ ነው ይላል፣ ሌላው ዶላር ነው ባክህ ይላል፣ ማንም ግን ቁጥር አይጠራም፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። እና አሁን እንዴት እንደማሰላው ልጻፍላችሁ ብዬ ነው፣ ለሹፌርም ለተሳፋሪም ይሆናል።

ነገሩን የጀመርኩት አንዲት እናት አፌን ስላዘጉኝ ነው። የ2017 ገና ሰሞን ቤንዚን ከ91 ብር ከ14 ወደ 101 ብር ከ47 የገባ ሳምንት፣ ጠዋት ነው፣ የኛ ሀገር የጥር ብርድ ታውቁታላችሁ ጣት ይቆርጣል፣ ከጠባሴ ሰፈር ሶስት ሰው ጭኜ መጥቼ ሂሳብ ላይ 5 ብር ጨምሩ አልኩ። ሁለቱ እየተነጫነጩ ከፈሉ። ሶስተኛዋ አረቄ አውጥተው ሚሸጡ እናት ናቸው፣ ጀሪካናቸው እግራቸው ስር ነው፣ ንቅንቅ አላሉም።

"ለምንድነው የጨመርከው?" አሉኝ።

"እትዬ ነዳጅ ጨመረ እኮ፣ ታክስ ጣሉብን" አልኩ።

"እሱንማ ሰማሁ ልጄ። በኔ በአንዷ ላይ ስንት ጨመረብህ ነው ምልህ። እኔ ጌሾ ሲወደድ በአንድ መለኪያ ስንት እንደሚያርፍብኝ አውቀዋለሁ።"

ዝም። ምን ልበል? ሳላውቅ ነው 5 ያልኩት፣ ጓደኞቼ 5 ስላሉ። ሴትዮዋ የድሮውን ሂሳብ ሰጥተውኝ ወረዱ፣ እኔም ማታ የልጄን የሂሳብ ደብተር ከጀርባ ገልጬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ቁጥሩን ያዙ

ወሬ አይያዝም ቁጥር ነው ሚያዘው። የችርቻሮ ዋጋውን ይፋ ሚያደርገው የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው፣ ሰው ሚሳሳተው ግን ቲቪ ላይ ሚነበበው የአዲስ አበባ ዋጋ መሆኑን ስለሚረሳ ነው። ሌላ ከተማ ላይ የማጓጓዣው ልዩነት ይታሰብበታል፣ ስለዚህ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋሮቢት፣ መሃል ሜዳ አንድ አይነት ቁጥር ላይኖራቸው ይችላል፣ ማደያው ሳንቲም ስላለያየ ብቻ ሌባ ነው ብላችሁ አትጩሁ፣ የከተማችሁ ንግድ ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ የኛ ከተማ የተፈቀደው ስንት ነው በሉ፣ ንገሩን ካላችሁ ይነግሯችኋል፣ ካልነገሩ ማደያው ፓምፕ ላይ ያለውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በቃ።

ደብተሩ ላይ አራት ነገር ነው ምጽፈው፦ ቀን፣ የማደያ ዋጋ፣ የሃይላንድ ዋጋ (ጥቁር ገበያውን ማለቴ ነው)፣ ታሪፍ። የኔ ደብተር ላይ ወደኋላ ሄጄ የሞላሁት የአዲስ አበባው ቤንዚን እንዲህ ይላል፣ ሀምሌ 2014 የታለመ ድጎማ ሚባለው (ለሁሉም ሳይሆን ለተመረጡ ተሽከርካሪዎች ብቻ ሚሰጠው) ሲጀመር 47.83፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ላይ 91.14፣ የገና ሰሞን 101.47፣ ግንቦት 2017 ደሞ 122.53። ይሄን ስታነቡ ሌላ ቁጥር ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የኔን ቁጥር አትሸምድዱ፣ አካሄዱን ያዙት።

ደሞ አንድ ጥሩ ነገር አለ ብዙ ሹፌር ማይጠቀምበት። ከግንቦት 2015 ጀምሮ በሀገሪቱ ማደያዎች ክፍያ በስልክ ነው አይደል፣ በቴሌብር ምናምን፣ ያኔ ስንት ተሳደብን፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ሰልፍ ላይ የቆምንበትን እግዜር ይቁጠረው፣ ግን ስልካችሁ ውስጥ የቀዳችሁት ሁሉ ከነቀኑ ተቀምጧል። እሱን ከፍታችሁ የአንድ ወር ደምሩት። እኔ ስደምረው ደነገጥኩ፣ በአፌ ከምለው በጣም ያነሰ ነበር።

ሊትሩን መበተን

አንድ ሊትር ቤንዚን ማደያ ላይ ሲደርስ ውስጡ ብዙ ሰው አለ። ከውጭ የተገዛበት በዶላር፣ የመርከቡና የወደቡ፣ ከጅቡቲ እስከዚህ የቦቴው፣ የባንክና የኢንሹራንስ፣ የመንገድ ፈንድ፣ ኤክሳይዝ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ሚጣለው ታክስ)፣ ቫት፣ የማዘጋጃ ቤት ጥቂት ሳንቲም፣ የኩባንያውና የማደያው ትርፍ። ሰው ታክስ ሲል ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው፣ እሱ ነው ጭቅጭቁን ማያልቅ ያደረገው።

ከሁሉ ትልቁ የመጀመሪያው ነው። ሀምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ሲባል ትዝ ይላችኋል፣ ከዛ በፊት በነበረው ቀን ባንክ ላይ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በጥቂት ሳምንት ከ100 በላይ ገባ። አሁን እንዲህ አስሉት፣ ለምሳሌ አንድ ሊትር ጅቡቲ ላይ 70 ሳንቲም ዶላር ገባ እንበል፣ በ57 ብር ስታባዙት 39 ብር ከ90 ነው። ያው ሊትር፣ ያው ጅቡቲ፣ ያው 70 ሳንቲም፣ በ130 ብር ስታባዙት 91 ብር። አንድም ታክስ ሳይጨመር፣ አረብ አንድም ሳንቲም ሳይጨምር፣ 51 ብር ከ10 ወጣ ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳሰላ ማታ አራት ሰአት ነበር፣ ባለቤቴን ቀስቅሼ አሳየኋት፣ "ለዚህ ነው የቀሰቀስከኝ" ብላ ተመልሳ ተኛች።

የቦቴው ነገር እዚህ ሸዋ ላይ ታሪክ አለው፣ ትንሽ ልውጣ ከርዕሱ። ጣርማበርን ሚያውቁ ሽማግሌዎች ድሮ በአሰብ ጊዜ ቦቴ በደሴ በሸዋሮቢት አድርጎ ደብረ ሲናን ወጥቶ በዋሻው ሲያልፍ ያስታውሳሉ፣ ደብረ ሲና ላይ ሹፌሮቹ አድረው ቆሎ ገዝተው ነበር ሚሄዱት ይላሉ። ከ1990ው ጦርነት ወዲህ ግን አሰብ ተዘግቶ ነዳጁ በጅቡቲ ሆነ። እንግዲህ ለቦቴው ናፍጣ ሲጨምር የኛም ሊትር በዛው ይጨምራል፣ ነዳጅ ለማምጣት ነዳጅ ይቃጠላል።

የመንገድ ፈንድ ሚባለው ደሞ አዲስ አይደለም፣ ከ1989 ጀምሮ ያለ ነው፣ ነዳጅ ላይ ተቆርጦ ለመንገድ ጥገና ሚውል። እኔ በግሌ እሱን አልቃወምም፣ ጉድጓድ ሲሞላ ነው ባጃጄ ሚተርፈው፣ ግን ጠባሴ ያለውን ጉድጓድ ሳይ ... ተውት።

የታክሱ ሂሳብ

እዚህ ጋ ነው ሁሉም ሚሳሳተው፣ የተማረውም። ቫት 15 በመቶ ነው ይባልና ሰውዬው 122 ብር ከ53 ይዞ 15 በመቶውን ያወጣል፣ 18 ብር ከ38 ታክስ ከፈልኩ ይላል። ልክ አይደለም። 122.53ቱ ውስጥ ቫቱ አብሮ ገብቷል ካላችሁ በ115 አካፍላችሁ በ15 ታባዛላችሁ፣ 15 ብር ከ98 ነው ሚመጣው። የ2 ብር ከ40 ልዩነት ነው በሊትር፣ ስብሰባ ላይ ተነስታችሁ 18 ብር ስትሉ መድረኩ ላይ ያለው ሰው ይቺን ይዞ ነው ሚያሳጣችሁ፣ ከዛ በኋላ የተናገራችሁት እውነት እንኳ ቢሆን ማንም አይሰማችሁም።

ሁለተኛ ታክስ በታክስ ላይ ይጣላል። ኤክሳይዝ ካለ መጀመሪያ እሱ ይደመራል፣ ከዛ ቫቱ ሚታሰበው በድምሩ ላይ ነው። 100 ብር ላይ 15 በመቶ ኤክሳይዝ ቢጣል 115፣ የ115 ቫት 17 ብር ከ25፣ ጠቅላላ 132 ብር ከ25። ሰላሳ በመቶ መስሏችሁ ሰላሳ ሁለት ከሩብ ከፈላችሁ። መጣኔው ሲቀያየር ቁጥሩን እናንተ ለውጡት፣ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ሶስተኛው ለኔ ዋናው ነው፣ ይሄን ነው ብትይዙልኝ ደስ ሚለኝ። የመቶኛ ታክስና በሊትር የተቆረጠ ታክስ አንድ አይደሉም። 15 በመቶ ከሆነ መነሻው 60 ብር ሲሆን 9 ብር ይወስዳል፣ መነሻው 90 ሲሆን 13 ብር ከ50። ማንም አዲስ ታክስ አላወጣም፣ ምክር ቤት አልተሰበሰበም፣ ዶላር ስለጨመረ ብቻ መንግስትም በሊትር 4 ብር ከ50 ጨመረ። ሰውዬው በጎርፉ ሲወሰድ ቀራጩም አብሮ እየዋኘ ይቀርጠዋል ማለት ነው። በሊትር ይህን ያህል ብር ተብሎ ቢቆረጥ ግን ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም ያው ነው። እርግጥ እሱም ችግር አለው፣ የብር አቅም ሲወድቅ የተቆረጠችው ብር ዋጋ ታጣለች፣ ከዛ መንገድ ሚጠገንበት ይጠፋል፣ በየጊዜው መከለስ ይፈልጋል። ቢሆንም ስብሰባ ላይ ታክስ ይነሳልን ከማለት ዋጋው ሲጨምር መቶኛው ይቀንስ ወይ በሊትር ይቆረጥ ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ ሊሰጣችሁ ይገደዳል፣ ይነሳልን ስትሉ ግን ጤና ጣቢያው በምን ይሰራ ብሎ ነው ሚዘጋችሁ።

ታሪፉ ስንት መጨመር ነበረበት

አሁን የእትዬ ጥያቄ ጋ ደረስን። ባጃጄን በደብተር ሳምንት ተከታተልኳት፣ በቀን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ባዶ ምመለሰውን ጨምሮ፣ በአንድ ሊትር 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስለዚህ በቀን 4 ሊትር። ሰው በቀን 90 አካባቢ አመላልሳለሁ፣ ገበያ ቀን ይበልጣል።

ከ91.14 ወደ 101.47 ሲገባ ልዩነቱ 10 ብር ከ33 ነው። በ4 ሊትር 41 ብር ከ32። ለ90 ሰው ስካፈል 46 ሳንቲም። አርባ ስድስት ሳንቲም ነው ወገን! እኔ ደሞ 5 ብር ነበር የጠየቅኩት፣ 90 ጊዜ 5 ብር 450 ብር ነው፣ ለ41 ብር። በጣም ነው ያፈርኩት፣ እውነቴን ነው።

ግንቦት ላይ 122.53 ሲገባ እንደገና ሰራሁት፣ ከመስከረሙ ጋ ሲነጻጸር 31 ብር ከ39 ጨምሯል፣ በ4 ሊትር 125 ብር ከ56፣ በሰው 1 ብር ከ40 ሊሆን ትንሽ ነው ሚቀረው።

ግን ቆይ፣ ተሳፋሪዎች አትቸኩሉ፣ ይሄን ይዛችሁ ሹፌር አትደብድቡ። ባጃጅ ቤንዚን ብቻ አይበላም። ጎማ አለ፣ ዘይት አለ፣ ኩሽኔታ አለ፣ እነሱ ሁሉ በዶላር ሚመጡ ናቸው፣ እኔ ጋ ጎማ ከነዳጁ በላይ ነው የናረው። ባለንብረቱ ገቢ ይጨምርብናል፣ የራሱ ባጃጅ ያለው ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ ሁሉንም ደማምሬ ያገኘሁት 2 ብር ከ50 አካባቢ ነው፣ የሌላው ሹፌር 3 ሊመጣ ይችላል፣ 5 ግን በምንም ሂሳብ አልመጣልኝም። እናንተም ተሳፋሪ ከሆናችሁ ሹፌሩን ስንት ሊትር ትቀዳለህ፣ ስንት ሰው ትጭናለህ ብላችሁ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፣ በልስላሴ፣ ወንድሜ ብላችሁ፣ ግማሹ ልክ እንደኔ ዝም ይላል።

ረጅም መንገድ ላይ ደሞ ሌላ ነገር አለ ታሪፍ አውጪዎቹ በኪሎ ሜትር ሲያስሉ ሚረሱት ሚመስለኝ፣ ዳገት። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ጣርማበር ከ3,000 በላይ ነው። ሙሉ ሰው የጫነ ሚኒባስ እሱን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ መንገዱን ሳትቆጥሩ፣ በግምት 4 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል (አንድ የፊዚክስ መምህር ተሳፋሪዬ ነው በክብደትና በከፍታ ያሰላልኝ፣ ሞተር ከነዳጁ ሲሶውን ብቻ ነው ወደ ጉልበት ሚቀይረው አለኝ)። ግንቦት 2017 ናፍጣ 120.80 ነበር፣ 483 ብር ነው ለዳገቱ ብቻ፣ ሲወርድ ደሞ ያንን አይመልስም ፍሬን ነው ሚበላው። ስለዚህ ከሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሚወጣ ሹፌር ያማርራል ብላችሁ አትፍረዱበት፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸኖ በሜዳ እንደሚሄደው አይደለም። ዳገቱ ላይ አራተኛ ወይ አምስተኛ ማርሽ ይዛችሁ አታስጨንቁት፣ ጎማ ንፋሱን ጠዋት በብርዱ ለኩት፣ ላይ ፖርቶ መጋላው ላይ ባዶ ብረት አትሸከሙ፣ ቁጠባ ሚባለው እሱ ነው ሌላው ተረት ነው።

ያው ሂሳብ ሽንኩርት ላይም ይሰራል። የሚስቴ ወንድም ሸዋሮቢት በውሃ ፓምፕ ሽንኩርት ያለማል፣ ፓምፑ በሰአት 1 ሊትር ገደማ ነው፣ በአንድ ጥማድ እስኪደርስ ድረስ 90 ሊትር አጠጥቶ 50 ኩንታል አገኘ። 90 ሊትር ላይ 31.39 ብር ጨመረበት፣ 2,825 ብር፣ በ5,000 ኪሎ ስታካፍሉት 57 ሳንቲም በኪሎ። ገበያ ላይ ግን ነጋዴው በነዳጅ አሳቦ በኪሎ 20 ብር ሲሰቅል አይቻለሁ። የመኪናው ይጨመርበት እሺ፣ 20 ግን ከየት?

ሃይላንዱ

አሁን ዋናው ቁስል። የደብተሬን ሶስተኛ መስመር ስሞላ ነው የገባኝ። ማደያ ላይ ነዳጅ የለም ይባላል፣ መንገድ ዳር ግን በሃይላንድ ሞልቶ አለ፣ እኔ 200 ብር የገዛሁበት ቀን አለ። ከ122.53 ጋ ልዩነቱ 77 ብር ከ47፣ በ4 ሊትር 309 ብር ከ88፣ በሰው 3 ብር ከ44። ከመስከረም እስከ ግንቦት በህጋዊ መንገድ የጨመረው ሁሉ ተደምሮ 1 ብር ከ40 ነበር፣ አንድ ቀን ሃይላንድ መግዛት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጣል። ታክስ ታክስ ስንል ከርመን ከታክሱ በላይ ለሃይላንድ ሻጩ ስንገብር ነበር፣ ያውም ደረሰኝ ሳይሰጠን መንገድ ሳይጠግንልን።

ህጉ አለ፣ ታህሳስ 2017 ምክር ቤት ያጸደቀው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ከማደያ ውጪ መሸጥን በእስር ሚያስቀጣ አድርጎታል። ግን ሰልፍ ላይ ሁለት ቀን ማደር የቀን ገቢ ማጣት ነው፣ እኔ ራሴ ገዝቻለሁ፣ አልዋሽም። እና የዛን ቀን ምን ሆነ፣ ሁለት ሃይላንድ ገልብጬ ዩኒቨርሲቲው ጋ ስደርስ ባጃጇ ሁለቴ ሳል አደረጋትና ቀጥ አለች። ነፍሰ ጡር ጭኜ ነበር። መካኒኩ ታንከሩን ሲያወርደው ስሩ ውሃ ነው። ካርቡሬተር ማጠቢያ፣ የጠፋ ቀን፣ ለሴትየዋ ሌላ ባጃጅ ከፍዬ ላክኋት።

ግዙ እያልኩ አይደለም፣ ግን ሰው ሲቸግረው ይገዛልና ቢያንስ እንዲህ አድርጉ። ጠርሙሱ ብርሃን ሚያሳልፍ ከሆነ ትንሽ ደቂቃ አስቀምጡትና ወደ ፀሃይ አንሱት፣ ውሃ ካለው ከስር ተለይቶ ይቀመጣል፣ መስመር ይታያል። ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ጠብታ ወረቀት ላይ አድርጉ፣ ንጹህ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት ቅባት ትቶ ይቀራል። ታንከራችሁ ውስጥ ደሞ በጨርቅ አጣርታችሁ ጨምሩ፣ ጨርቅ ግን ውሃ አያስቀርም ቆሻሻ ነው ሚያስቀር። ቤት ውስጥ ከሰል ባለበት አታስቀምጡት ለእናታችሁ ስትሉ።

ማደያ ስትቀዱም አይናችሁ ቀጂው ላይ ሳይሆን ቆጣሪው ላይ ይሁን፣ ከዜሮ መነሳቱን እዩ፣ የሊትር ዋጋው ከተፈቀደው ጋ አንድ መሆኑን እዩ፣ መጠኑ ከተጠራጠራችሁ ንግድ ጽህፈት ቤት መለኪያ ዕቃ ይዞ እንዲፈትሽ አመልክቱ። ለፓምፕ በጀሪካን ምትቀዱ ገበሬዎች የግብርና ጽህፈት ቤቱን የድጋፍ ደብዳቤ ቀድማችሁ ያዙ፣ ሽንኩርቱ ከጠወለገ በኋላ ደብዳቤ መለመን ምን እንደሚመስል አማቼን ጠይቁት።

ስብሰባ ላይ እንዴት ትናገራላችሁ

ነዳጅ ሰው ሚነሳበት ነገር ነው፣ ይሄ የዛሬ አይደለም። የካቲት 1966 አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ነጂዎች ስራ ያቆሙት ቤንዚን ስለጨመረ ነበር፣ የአረብና የእስራኤል ጦርነት በአለም ላይ ዘይቱን አስወድዶት፣ መንግስትም ያኔ ከጭማሪው ቀንሶ ነበር፣ የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ፈረንሳይ በ2011 ህዳር ላይ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው አደባባይ የወጡት በነዳጅ ታክስ ነው፣ ብዙዎቹ ከገጠርና ከትንንሽ ከተማ የመጡ፣ ባቡርና አውቶቡስ እንደልብ የሌላቸው፣ የታክሱ ጭማሪም ተሰረዘላቸው። መንዝ ወይ እነዋሪ ያለ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ አዲስ አበባ ያለው ባቡር ይሳፈራል፣ እኛ ምን እንሳፈር፣ በቅሎ?

ጎረቤት ኬንያ ግን ሚቀናበት ነገር አለ። በ2023 በነሱ አቆጣጠር ነዳጅ ላይ ያለውን ቫት ከ8 ወደ 16 በመቶ አደረጉት፣ ህዝቡ ተንጫጫ፣ እሱን ተዉት፣ እኔ ምለው የኢነርጂ ተቆጣጣሪያቸው በየወሩ ዋጋ ሲያወጣ ሊትሩን በትኖ ነው ሚያወጣው፣ የተገዛበት ይህን ያህል፣ ማጓጓዣ ይህን ያህል፣ ታክሱ በየስሙ ይህን ያህል፣ ትርፍ ይህን ያህል ብሎ። ተጨቃጫቂው ቁጥር ይዞ ነው ሚጨቃጨቀው። እኛ ጋ እኔ ማታ በልጄ ደብተር ምበትነውን እነሱ መንግስት ነው ሚበትንላቸው። ስለዚህ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንድትጠይቁ እድሉ ከተሰጣችሁ እሱን ጠይቁ፣ የሊትሩን ዝርዝር በየጊዜው አብራችሁ አውጡልን በሉ። ገንዘብ ማያስወጣ ጥያቄ ነው፣ በጀት የለም ሊሏችሁ አይችሉም።

ድጎማ ይመለስ ለሚሉት ወገኖች፣ እኔ አልስማማም፣ ስደቡኝ። ሁሉም እኩል ሲደጎም ትልቁን ታንከር ሚሞላው ነው ብዙ ሚደጎመው፣ የኔ 4 ሊትር ነው የሰውዬው ቪ8 ግን መቶ ሊትር ነው፣ እትዬ ደሞ በእግራቸው ናቸው። ለህዝብ ትራንስፖርትና ለፓምፕ ብቻ ቢሆን ግን እሺ እላለሁ፣ የታለመ የተባለውም ለዛ ነበር፣ ችግሩ ርካሽና ውድ ዋጋ ባንድ ማደያ ሲኖር ርካሹ በጀርባ በር ወጥቶ ሃይላንድ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ይግባ ሚሉም አሉ፣ መንግስት በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከልክሎ የለ፣ እኔም የኤሌክትሪክ ባጃጅ አይቻለሁ፣ አጓጉታኛለች፣ ግን በኛ ብርድና በኛ መብራት ጥፋት የሌላውን ሰው ውጤት ሳላይ አልገባም።

ስትናገሩ ሶስት ደቂቃ ነው ሚሰጧችሁ። ሰላምታና ምርቃት ላይ አትጨርሱት፣ የኛ ሰው እዛ ላይ ነው ሚያልቅበት። ቁጥራችሁን በወረቀት ያዙ፣ ጥያቄውን ለሚመለከተው አንሱ፣ ቀበሌው ታክስ አይቀንስም፣ ትራንስፖርት መምሪያው ዶላር አይነካም፣ ታሪፍ ግን ይነካል፣ ንግድ ጽህፈት ቤቱ ሃይላንዱን ይነካል። እኔ ባለፈው የተናገርኩት ይቺን ነው፣ "ነዳጅ የጨመረብኝ በሰው 1 ብር ከ40 ነው፣ ሃይላንድ የጨመረብኝ 3 ብር ከ44 ነው፣ የመጀመሪያውን ለማን እንደምናገር አውቃለሁ፣ ሁለተኛውን ማን ይቀበለኛል?" አዳራሹ ሳቀ፣ ከዛ ጸጥ አለ፣ መድረክ ላይ ያሉት ሰውዬ እስክሪብቶ አውጥተው ቁጥሩን እንድደግመው ጠየቁኝ።

አሁን ባጃጄ መስታወት ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌያለሁ፣ የሊትር ዋጋ፣ በቀን ስንት ሊትር፣ ስንት ሰው፣ በሰው ስንት እንደደረሰ። ወረቀቱን ከለጠፍኩ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እትዬ ገቡ፣ ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው፣ ጣታቸውን እያጠፉ ሰሙና "ጎማውንስ?" አሉኝ። ጎማውንም ነገርኳቸው። 2 ብር ከ50 ጨምረው ከፈሉኝ፣ ሃምሳ ሳንቲሟን ከመቀነታቸው ፈልገው። ወዲያው አጠገባቸው የነበረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወረቀቱን አይቶ "ፋዘር፣ ዘጠና ሰው ያልከው የገበያ ቀንን ቀላቅለህ ነው፣ ለብቻ አውጣው" አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ዛሬ ማታ አስተካክለዋለሁ።